«ተርን ኢት ኦፍ» እንጂ «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም፦ ፍሬዛል ቨርብን ከዕለት ንግግር መማር

በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዜና አንብቦ የሚረዳ፣ ማመልከቻም አሳምሮ የሚጽፍ ሰው የሥራ ባልደረባውን የአንድ ደቂቃ ወሬ መከተል ሲያቅተው ጥፋቱን የሚሰጠው ለአነጋገሩ ፍጥነት ነው። ፍጥነቱም ያስቸግራል፤ ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። አገር ቤት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ስለምንማር፣ የምናውቀው እንግሊዝኛ የመጽሐፍ ነው። «ፖስትፖን»፣ «ኤክስቲንጉዊሽ»፣ «ቶለሬት» እናውቃለን። ጎረቤት፣ ነርስና የሥራ ኃላፊ የሚናገሩት ግን «ፑት ኦፍ»፣ «ፑት አውት»፣ «ፑት አፕ ዊዝ» እያሉ ነው። በሦስቱም ውስጥ ያለው ግስ «ፑት» ነው፤ አስቀመጠ። ከሦስቱ አንዱም ግን ማስቀመጥ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ለሌላ ጊዜ አስተላለፈ፣ ሁለተኛው እሳት አጠፋ፣ ሦስተኛው ቻለ ወይም ታገሠ ማለት ነው። እንዲህ ግስ እንደ «ኦፍ»፣ «አውት»፣ «አፕ» ካለ ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ ሌላ ትርጉም ሲይዝ ፍሬዛል ቨርብ ይባላል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ የውጭ አገር ሰውን እጅግ የሚያስቸግረው እንዲህ ግስን በትንሽ ቃል የመለወጥ ልማድ መሆኑን ጽፏል። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ነገሩ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። «ቁጭ አለ» ስንል ሰውየው ምንም አላለም። «ዝም አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ልብ አለ» ውስጥ ያለው «አለ» ከመናገር ጋር የሚያገናኘው የለም። ልጅ ሆነን «ቁጭ»ን ለብቻ፣ «አለ»ን ለብቻ ተርጉመን አልተማርንም፤ ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ሰማን፣ እንደ አንድ ቃል ተናገርን። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው የሚያዘው። እንዲያውም «ሲት ዳውን» ቁጭ አለ፣ «ስታንድ አፕ» ብድግ አለ፣ «ፒክ አፕ» ብድግ አደረገ፣ «ተርን ዳውን» ዝቅ አደረገ እያልን ብናጣምራቸው ለጆሯችን ቅርብ ይሆናሉ።

ስለዚህ ደብተር ላይ «ጊቭ አፕ = ተስፋ ቆረጠ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። እንደዚያ የተጻፈ ዝርዝር ሃምሳም ይሁን ሦስት መቶ፣ አፍ ላይ አይመጣም። ለእያንዳንዱ አራት ነገር ጻፉ፦ ከራሳችሁ ኑሮ የተወሰደ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ ያንኑ በአማርኛ ብትሉት የምትሉትን፣ ያለፈ ጊዜውን፣ እና «ኢት» ወይም «ሂም» ሲገባበት የት እንደሚቀመጥ። በሳምንት አምስት በቂ ነው። አምስቱን በየቀኑ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ሃያ ከሚሸመድድ ሰው ይልቅ ቶሎ ይናገራል።

«ኢት» የሚቀመጥበት ቦታ

ደጋግሜ የማርመው ስሕተት ይህ ነው። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ትክክል ነው። «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ትክክል ነው። «ዘ ላይት»ን በ«ኢት» ስንተካ ግን አንድ ቦታ ብቻ ይቀራል፤ መሃል። «ተርን ኢት ኦፍ»። «ተርን ኦፍ ኢት» ያለ ሰው ሐሳቡ ይገባለታል፣ ግን የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ወዲያው ይኮሰኩሰዋል። በተመሳሳይ «ፒክ ሚ አፕ» (መጥተህ ውሰደኝ)፣ «ዌክ ሂም አፕ» (ቀስቅሰው)፣ «ድሮፕ ኸር ኦፍ» (አድርሳት)፣ «ፊል ኢት አውት» (ሙላው)፣ «ትራይ ዘም ኦን» (ለክቼ ልያቸው ሲባል) ነው የሚባለው። አማርኛ «አጥፋው» ሲል «‑ው»ን ግሱ ላይ እንደሚለጥፍ፣ እንግሊዝኛም «ኢት»ን ከግሱ ጋር አጣብቆ ትንሿን ቃል ወደ ኋላ ይገፋታል ብላችሁ ያዙት።

«ኢት»ን መሃል የማያስገቡ ፍሬዛል ቨርቦችም አሉ። «ሉክ ፎር» (ፈለገ)፣ «ሉክ አፍተር» (ተንከባከበ)፣ «ረን ኢንቱ» (ድንገት አገኘ)፣ «ጌት ኦቨር» (ከሕመም ወይም ከሐዘን ወጣ) አይከፈሉም፤ «ሉክ አፍተር ሂም» እንጂ «ሉክ ሂም አፍተር» የለም። ሦስት ቃል ያላቸውም አብዛኞቹ አይከፈሉም፦ «ፑት አፕ ዊዝ ኢት»፣ «ረን አውት ኦፍ ኢት»፣ «ጌት አሎንግ ዊዝ ኸር»።

መዝገበ ቃላት ሳይገልጡ ለመለየት ድምፅ ይረዳል። የሚከፈሉት ላይ ጉልበቱ የሚያርፈው ትንሿ ቃል ላይ ነው፤ «ተርን ኢት *ኦፍ*»። ብዙዎቹ የማይከፈሉ ባለ ሁለት ቃሎች ላይ ግን ግሱ ላይ ያርፋል፤ «*ሉክ* ፎር ኢት»። ሁልጊዜ የማይሳሳት መለያ ነው አልልም፤ ግን ጆሮውን ያሠለጠነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ይለያል።

ለምን አይሰማንም

ደብተር ላይ ያለው «ፒክ ኢት አፕ» ሦስት ቃል ነው። ከአፍ ሲወጣ አንድ ነው፤ «ፒኪታፕ»። «ተርን ኢት ኦፍ» «ተርኒቶፍ» ይሆናል። በተነባቢ ያለቀ ቃል በአናባቢ ከሚጀምር ቃል ጋር ይጣበቃል። ከትንሾቹ ቃላት ብዙዎቹ (ኢን፣ ኦን፣ ኦፍ፣ አፕ፣ አውት) ደግሞ በአናባቢ ስለሚጀምሩ ፍሬዛል ቨርብ ውስጥ መጣበቁ ብዙ ጊዜ የማይቀር ነው። አሜሪካ ያሉ ይህንን አስተውሉ፦ በሁለት አናባቢ መካከል የገባ «ት» እዚያ ፈጠን ያለች «ድ» ትሆናለች፤ «ፑት ኢት ኦን» «ፑዲዶን» ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ እንደተጻፈ ሳይሆን እንደሚሰማ በፊደላችን መጻፍ ይጠቅማል። የእኛ ፊደል ለዚህ ሥራ ከላቲኑ ይልቅ ይመቻል፤ ድምፁን በአብዛኛው ይይዛልና።

ከአማርኛ በቀጥታ ሲተረጎም የሚበላሹ

«ቴሌቪዥን ክፈት» እንላለን፤ «ኦፕን ዘ ቲቪ» ያልን እንደሆነ ግን የሚሰማው ሰው የቴሌቪዥኑን ሣጥን መፍታት መስሎ ይታየዋል። «ተርን ኦን» ነው። መብራትም፣ ራዲዮም፣ ምድጃም፣ የቧንቧ ውሃም «ተርን ኦን»፣ «ተርን ኦፍ» ነው። ድምፅና ሙቀት መጨመር «ተርን አፕ»፣ መቀነስ «ተርን ዳውን»። «ተርን ዳውን» አለቃ ወይም ባንክ ሲሆን አድራጊው ትርጉሙ ይለወጣል፤ ጥያቄን አልቀበልም አለ ማለት ይሆናል።

«ፈለገ» በአማርኛ ሁለት ሥራ አለው፤ መሻትም መፈለግም። «አይ ዋንት ማይ ባግ» ያለ ሰው ቦርሳዬን ስጡኝ ብሎ እንደጠየቀ ይቆጠራል፤ ምናልባትም እንደ ቁጣ። ጠፍቶበት እየፈለገ ከሆነ «አይ አም ሉኪንግ ፎር ማይ ባግ» ይበል። ፈልጎ ሲያገኘው «አይ ፋውንድ ኢት» ነው እንጂ «አይ ፋውንድ ኢት አውት» አይደለም። «ፋይንድ አውት» ዕቃ ማግኘት ሳይሆን ወሬ ወይም እውነት ማወቅ ነው።

ልብስ ላይ ደግሞ አማርኛ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ሀብታም ነው። ልብስ እንለብሳለን፣ ጫማና መነጽር እናደርጋለን፣ ቀለበት እናጠልቃለን፣ ባርኔጣ እንደፋለን፣ ሽቶ እንቀባለን። እንግሊዝኛ ለሁሉም «ፑት ኦን» ይላል፤ ለማውለቁ «ቴክ ኦፍ»። እዚህ የሚያሳስተው ጊዜው ነው። «ለብሻለሁ» ስንል ልብሱ ገላችን ላይ አለ፤ ይህ በእንግሊዝኛ «አይ አም ዌሪንግ» ነው። «ፑት ኦን» የመልበሱ ድርጊት ብቻ ነው። «አይ አም ፑቲንግ ኦን ማይ ኮት» ያለ ሰው ገና እጁን እያስገባ ነው።

ታክሲና አውቶቡስም እንዲሁ። እኛ ከሁሉም «ወረድን» እንላለን፤ «ወራጅ አለ» ለሁሉም ይሠራል። እንግሊዝኛ ተሽከርካሪውን ለሁለት ይከፍለዋል። ቆመን የምንራመድበት (አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ መርከብ) እና ላዩ የምንፈናጠጠው (ብስክሌት፣ ሞተር፣ ፈረስ) «ጌት ኦን»፣ «ጌት ኦፍ» ነው። ጎንበስ ብለን የምንገባበት የቤት መኪናና አነስተኛ ታክሲ «ጌት ኢን»፣ «ጌት አውት ኦፍ» ነው። ለሾፌር ወይም ለሌላ ሰው «ጌት አውት» ብቻውን አትበሉ፤ «ውጣ!» ብሎ ማባረር ነው።

መብራት ሲጠፋ «መብራት ሄደ» እንላለን፤ «ዘ ፓወር ዌንት አውት» በሉት። ሲመጣ «ዘ ፓወር ኬም ባክ ኦን»።

«‑ብኝ» በእንግሊዝኛ

ከሁሉ ይልቅ እንዲያዝልኝ የምፈልገው ይህ ነው፤ በአማርኛ አስቦ ለሚናገር ሰው ብዙ በር ይከፍታልና። «ነዳጅ አለቀብኝ» ስንል አላቂው፣ ማለትም ባለቤቱ፣ ነዳጁ ነው፤ እኛ በ«‑ብኝ» ተጎጂ ሆነን እንገባለን። እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል፤ ሰውየውን ፊት ያመጣዋል፦ «አይ ራን አውት ኦፍ ጋዝ»። «ማይ ጋዝ ፊኒሽድ» የሚለው በአማርኛ የታሰበ እንግሊዝኛ ነው። ጊዜ ሲያልቅብን፣ ስኳር ሲያልቅብን፣ ትዕግሥት ሲያልቅብን በዚሁ መንገድ ነው። ሱቅ ውስጥ «ዊ ራን አውት» ካሏችሁ ዕቃው አልቆባቸዋል።

የሚገርመው እንግሊዝኛም የራሱ «‑ብኝ» አለው። ግሱ ካለቀ በኋላ «ኦን ሚ» ብሎ ይጨምራል። «ማይ ካር ብሮክ ዳውን» መኪናዬ ተበላሸ ነው፤ «ማይ ካር ብሮክ ዳውን ኦን ሚ» መኪናዬ ተበላሸብኝ። «ሂ ኸንግ አፕ» ስልኩን ዘጋ፤ «ሂ ኸንግ አፕ ኦን ሚ» ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ። «ሺ ዎክድ አውት ኦን ሂም» ጥላው ሄደች። የሚሠራው ግን ለጉዳት ብቻ ነው። «‑ልኝ» የምንልበትን ቦታ «ኦን ሚ» አይሸፍነውም፤ «ሠራልኝ» ለማለት «ኦን ሚ» ያለ ሰው ያበላሻል።

ስልክ፣ ሆስፒታል፣ ሥራ፣ ቤት

ስልክ ላይ «ፒክ አፕ» ከአማርኛው ጋር ይገጥማል፤ ስልክ አነሳ። መልሼ እደውልልሃለሁ «አይ ዊል ኮል ዩ ባክ» ነው። ድምፅ ሲቆራረጥ «ዩ አር ብሬኪንግ አፕ»፣ መስመሩ ሲቋረጥ «ዊ ጎት ከት ኦፍ»። «ሃንግ ኦን» እና «ሃንግ አፕ» ተቃራኒ ናቸው፤ የመጀመሪያው ትንሽ ጠብቅ፣ ሁለተኛው ዝጋ ነው። መሥሪያ ቤት ደውለው ግማሽ ሰዓት ተሰልፈው ከጠበቁ በኋላ «ሃንግ ኦን» ሲባሉ የሚዘጉ ሰዎች አሉ፤ ሰልፉም እንደገና ይጀምራል።

ሐኪም ቤት መሳሳት የማይገባው ሦስት ነው። «ስሮው አፕ» አስመለሰ (ምግብ አወጣ)፣ «ፓስ አውት» ራሱን ሳተ፣ «ፓስ አዌይ» አረፈ ወይም ሞተ። ለሚወዱት ሰው አምቡላንስ እየጠሩ «ሂ ፓስድ አውት» በሚባልበት ቦታ «ሂ ፓስድ አዌይ» ማለት ምን ያህል እንደሚያደናግር አስቡት። ነርስ «ዲድ ዩ ፓስ አውት?» ስትል ራስህን ስተህ ነበር ወይ ማለቷ ነው። «ከት ዳውን ኦን ሶልት» ጨው ቀንስ ነው፤ «ከት አውት ሶልት» ደግሞ ጭራሽ ተው። ሁለቱ የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው።

ሥራ ላይ «ኮል ኢን ሲክ» ታምሜያለሁ ብሎ ደውሎ መቅረት ነው፤ ካልደወሉና ካልመጡ «ሂ ዲድንት ሾው አፕ» ይባላል። «ፊል ኢን ፎር» በሌላው ምትክ ገብቶ መሥራት። «ሌይድ ኦፍ» እና «ፋየርድ»ን ለይቶ ማወቅ ደግሞ እንጀራ ያድናል። «አይ ዎዝ ሌይድ ኦፍ» ያለ ሰው ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ፣ ያለ ጥፋቱ ከሥራ እንደወጣ ይናገራል። «ፋየርድ» ግን ተባረርኩ ነው፤ ሰሚውም ምክንያቱን ይጠይቃል። ቅነሳ ደርሶባችሁ ቅጽ ላይ ወይም ቃለ መጠይቅ ላይ «ፋየርድ» ማለት ራስን ያለ ጥፋት መክሰስ ነው።

በሰው ቤት ለሚሠሩ፣ በተለይ ዐረብ አገር ከአሠሪያቸው ጋር በእንግሊዝኛ ለሚግባቡ እህቶች፦ «ፑት ኢት አዌይ» ቦታው መልሺው ነው፤ «ስሮው ኢት አዌይ» ጣይው ነው። ሁለቱም «አዌይ» ስላላቸው ይምታታሉ፤ ጥርጣሬ ካለ ዕቃውን ይዞ «ፑት ኦር ስሮው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። «ዎሽ አፕ» የብሪታንያ እንግሊዝኛ ለሚናገር ሰው ዕቃ ማጠብ ነው፤ ለአሜሪካዊ ግን እጅና ፊት መታጠብ።

ትንሾቹ ቃላት የሚሰጡት ፍንጭ

«አፕ» ብዙ ጊዜ ጨርሶ ማድረግን ያመጣል። እኛ ይህን የምንገልጸው በራሳችን መንገድ ነው፦ «ኢት አፕ» ጥርግ አድርጎ በላ፣ «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ አደረገ፣ «ፊል አፕ» ጢም አድርጎ ሞላ፣ «ዩዝ አፕ» አሟጦ ጨረሰ። «ባክ» መመለስ ነው፤ «ፔይ ባክ»፣ «ጊቭ ባክ»። «ኦን» ከአንዳንድ ግሶች ጋር መቀጠልን ይሰጣል፤ «ጎ ኦን»፣ «ኪፕ ኦን»። «ዳውን» መቀነስ ወይም መበላሸት፤ «ስሎው ዳውን»፣ «ብሬክ ዳውን»።

ፍንጭ እንጂ ሕግ ግን አይደለም፤ «ፊል ኢን» እና «ፊል አውት» ተቃራኒ መስለው ሁለቱም ቅጽ መሙላት ናቸው። አሜሪካ «ፊል አውት» ይበዛል፣ ብሪታንያ «ፊል ኢን»። «ኦፍ» ደግሞ ከሁሉ ያታልላል። መብራት «ዌንት ኦፍ» ከተባለ ጠፍቷል፤ የማንቂያ ደወል «ዌንት ኦፍ» ከተባለ ግን ጮኋል። የእሳት አደጋ ደወል «ኢዝ ጎይንግ ኦፍ» ሲባል ጠፋ ብሎ የሚቀመጥ ሰው አደጋ ላይ ነው፤ እየጮኸ ስለሆነ መውጣት አለበት።

ሰዋስው ላይ ሁለት ነገር ብቻ ላንሳ። አንደኛ፣ ጊዜ ሲለወጥ የሚለወጠው ግሱ ነው፤ «ጊቭ አፕ» «ጌቭ አፕ» ይሆናል፣ «አፕ» ምንም አትሆንም። ሁለተኛ፣ ከትንሿ ቃል በኋላ ሌላ ግስ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ «‑ኢንግ» ይጨምራል፦ «ሂ ጌቭ አፕ ስሞኪንግ»። ደብዳቤ መዝጊያ ላይ «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሲ ዩ» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ ትክክሉ «ቱ ሲኢንግ ዩ» ነው። እዚያ ያለችው «ቱ» የፍሬዛል ቨርቡ አካል ናትና።

የት ላለመጠቀም? ለፍርድ ቤት፣ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ የለመድነው የመጽሐፍ ቃል ይሻላል። ከጎረቤት ጋር ሲሆን ግን «ዘ ሚቲንግ ሃዝ ቢን ፖስትፖንድ» ከማለት «ዘይ ፑት ኢት ኦፍ» ማለት የቤተኛ ንግግር ነው።

ለመለማመጃ ይህችን አንብቡ፤ ጮክ ብላችሁ፣ ቃላቱን እያጣበቃችሁ።

«ማይ አላርም ዌንት ኦፍ፣ አይ ተርንድ ኢት ኦፍ ኤንድ ዌንት ባክ ቱ ስሊፕ። ዘን አይ ፑት ኦን ማይ ክሎዝስ፣ ድሮፕድ ኦፍ ዘ ኪድስ ኤንድ ጎት ኦን ዘ ባስ። ዘ ባስ ብሮክ ዳውን ኦን አስ። አይ ኮልድ ማይ ቦስ፣ ባት ሺ ዲድንት ፒክ አፕ። ሺ ኮልድ ሚ ባክ ሌተር።»

ማንቂያው ጮኸ፣ አጥፍቼው ተመልሼ ተኛሁ። ከዚያ ልብሴን ለበስኩ፣ ልጆቹን አደረስኩና አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። አውቶቡሱ ተበላሸብን። ለአለቃዬ ደወልኩላት፣ አላነሳችም። በኋላ መልሳ ደወለችልኝ።

አሁን «ማይ ክሎዝስ» እና «ዘ ኪድስ» ባሉበት «ዘም»፣ «ዘ ባስ» ባለበት «ኢት» እያስገባችሁ ድገሙት። «ፑት ዘም ኦን» እና «ድሮፕድ ዘም ኦፍ» ይሆናል፤ «ጎት ኦን ኢት» ግን አይለወጥም። «ጌት ኦን» አይከፈልም፤ «ኦን» የሚሳፈሩበትን ነገር ይዛ ከፊቱ ትቆማለች፣ «ጎት ኢት ኦን» ብትሉትም ስለ አውቶቡስ መሆኑ ይቀርና ልብስ እንደለበሳችሁ ይሰማል።